የእግዚአብሔር ቅድስናና ፍርድ በአባ ጊዮርጊስ ዘጋስጫ ሕይወት



እግዚአብሔር ቅዱስ ነው፣ እግዚአብሔር እውነተኛ ፈራጅ ነው የሚለውን ትምህርት በየጉባኤያችን እንሰማለን፤ እኛም እንናገረዋለን። ቃሉን መናገሩ አያስቸግርም። የሚያስቸግረው ሰኞ ጠዋት ነው። ገበያ ስንወጣ፣ ፈተና ስንቀመጥ፣ በጽሕፈት ቤት ደጃፍ ተራ ስንጠብቅ፣ ከጎረቤት ጋር በድንበር ነገር ስንከራከር፣ እሑድ የተናገርነው ቃል ተከትሎን መምጣቱ ወይም ቤተ ክርስቲያን ውስጥ መቅረቱ የሚታወቀው ያን ጊዜ ነው። ስለዚህ ነገር ከራሴ አውጥቼ ብዙ ከምናገር፣ ይህን ቃል በወፍጮ ቤትም፣ በንጉሥ ድንኳንም፣ በእስር ቤትም ይዘው የኖሩትን አንድ አባት ታሪክ ባቀርብላችሁ ይሻላል ብዬ አሰብሁ።

እኒህ አባት አባ ጊዮርጊስ ዘጋስጫ ናቸው። ከእኛው ምድር የወጡ ናቸው። ከወረኢሉ ደጋ ተነሥቶ ፊቱን ወደ ምዕራብ ያደረገ መንገደኛ ከላላን በግራ፣ ለጋምቦን በቀኝ እየተወ ሲሄድ መካነ ሰላም ይደርሳል። መካነ ሰላም የቦረና ከተማ ናት። ከዚያ ወዲያ ምድሩ እየተሰበረ ወደ ዓባይ ሸለቆ ይወርዳል፤ ማዶው ጎጃም ነው። ቦረና ሲባል ከደቡቡ ቦረና ጋር የሚያምታታ ሰው አላጣሁም፤ እዚህ የምንናገረው ግን ስለ ወሎው ቦረና፣ ጥንት ቤተ አምሐራ ይባል ከነበረው አገር ስለሚቆጠረው ነው። የጋስጫ ገዳም የሚገኘው በዚሁ ምድር ነው። ብዙዎቻችን በፍልሰታ ጾም ሌሊት እንቅልፋችንን እየታገልን ሰዓታት ሲቆም ሰምተናል። ያን ሰዓታት የደረሱት አባት ከደጃችን በእግር ጥቂት ቀን በሚያስኬድ ስፍራ እንዳረፉ ግን ስንቶቻችን እናውቃለን? ስለ ግብፅ በረሓ አባቶች የሚጠየቀውን ሁሉ የሚመልስ ወጣት ስለ ጋስጫ ሲጠየቅ ዝም ሲል አይቻለሁ። ይህ ያሳዝነኛል።

አባ ጊዮርጊስ የተወለዱት በ1357 ዓ.ም. ገደማ ነው። አባታቸው ሕዝበ ጽዮን ይባሉ ነበር፤ በንጉሡ ድንኳን ካለችው ቤተ ክርስቲያን የሚያገለግሉ ካህን ነበሩ። በዚያ ዘመን ነገሥታቱ እንደ ኋለኛው ጎንደር ያለ ቋሚ ከተማ አልነበራቸውም። ሠራዊቱ፣ ካህናቱ፣ ዳኞቹ፣ ባለሟሎቹ ሁሉ ከንጉሡ ጋር ከሰፈር ወደ ሰፈር ይጓዙ ነበር፤ ታቦቱም በድንኳን አብሮ ይሄዳል። ስለዚህ የሕዝበ ጽዮን ልጅ ገና በሕፃንነቱ ሁለት ነገር አጠገብ ለአጠገብ ሲያይ አደገ ማለት ነው፤ የእግዚአብሔር ታቦት የሚያርፍበትን ድንኳንና የምድራዊው ንጉሥ ፍርድ የሚሰማበትን ድንኳን። የትኛው ድንኳን ለየትኛው እንደሚገዛ ኋላ በሕይወታቸው የተፈተኑበት ጥያቄ ሆነ።

አባት ልጃቸውን ለትምህርት የላኩት ወደ ሐይቅ እስጢፋኖስ ነው። ሐይቅን ከደሴ ወደ ሰሜን ስንሄድ የምናገኘው ነውና የማያውቀው የለም። ገዳሙን በ13ኛው መቶ ዓመት (በአውሮፓ አቆጣጠር) አቡነ ኢየሱስ ሞዐ ካጸኑት ወዲህ ለመላው አገር መምህራንን ያወጣ፣ ብዙ መጻሕፍት የተጻፉበትና የተጠበቁበት ትልቅ ትምህርት ቤት ነበር። እንግዲህ ወደዚህ ስፍራ የመጣው ተማሪ ምን ዓይነት ተማሪ ነበር ብትሉ፣ ገድላቸው የሚነግረን የሚያስገርም ነው። ትምህርቱ አልገባቸውም። ዓመታት አለፉ፤ ጓደኞቻቸው ንባቡንም ዜማውንም እየጨረሱ ሲያልፉ እርሳቸው እዚያው ቀሩ። በመጨረሻ መምህሩ ልጁን ወደ አባቱ መለሱት።

ሕዝበ ጽዮን ግን ልጃቸውን አልተቀበሉም። ለእግዚአብሔር የሰጠሁትን መልሼ አልወስድም፣ መማር ካልቻለ ገዳሙን በጉልበቱ ያገልግል ብለው መልሰው ላኩ። ይህን የአባት ውሳኔ ደጋግሜ አስቤዋለሁ። ለእግዚአብሔር የምንሰጠው ብዙ ጊዜ ያሸነፈውንና ያማረውን ነው። ልጁ ጎበዝ ሲሆን ለመንግሥት ሥራ፣ ሰነፍ ሲሆን ለቆሎ ትምህርት ቤት የሚል ወላጅ በአገራችን አልጠፋም። ሕዝበ ጽዮን ስእለታቸውን በልጁ ውጤት አልመዘኑትም።

ስለዚህ ወጣቱ ጊዮርጊስ ለማኅበሩ እህል ፈጪ ሆኑ። እኅቶቼ፣ ይህን ከእኛ ከወንዶቹ ይልቅ እናንተ ታውቁታላችሁ። የድንጋይ ወፍጮ ማለት መንበርከክ ነው፣ መጁን በሁለት እጅ ይዞ መግፋትና መመለስ ነው፣ ወገብ ነው፣ መዳፍ ነው። የእህል ወፍጮ መኪና በየከተማው ከመግባቱ በፊት እናቶቻችን ገና ሌሊት ዶሮ ሳይጮኽ ይነሡለት የነበረ ሥራ ነው። በአገራችን ልማድ ወንድ ልጅ መጅ ጨብጦ ሲፈጭ ቢታይ ይሳቅበት ነበር። የካህን ልጅ፣ የንጉሥ ድንኳን አገልጋይ ልጅ፣ ከመማር የተባረረ ተማሪ ሆኖ ተንበርክኮ ሲፈጭ ደግሞ ምን ይባል እንደነበር መገመት አያቅትም። ይፈጩበት ነበር የሚባለው ድንጋይ ዛሬም በሐይቅ እስጢፋኖስ እንዳለ ይነገራል።

ገድሉ እንደሚተርከው በዚያ የወፍጮ ዘመን አባ ጊዮርጊስ ጸሎታቸውን አልተዉም። ወደ እመቤታችን እያለቀሱ ይለምኑ ነበር፤ እርስዋም ተገልጻ የጥበብን ጽዋ አጠጣቻቸው፣ ከዚያ በኋላ ልቡናቸው ተከፈተ ይላል። በትምህርት ቤት ጓደኞቻችን መካከል እንዲህ ያለውን ነገር ተረት ነው ብለው የሚያልፉት እንዳሉ አውቃለሁ። ከእነርሱ ጋር ለመከራከር አይደለም የምጽፈው። አንድ ነገር ግን ማንም አይክደውም፤ ያ ከትምህርት የተመለሰ ልጅ በግዕዝ ቋንቋ ከጻፉት ሁሉ ከታላላቆቹ ሊቃውንት አንዱ ሆነ። እኔን የሚነካኝም ከተአምሩ በፊት ያለው ጊዜ ነው። ጽዋው ከመምጣቱ በፊት ስንት ቁና እህል ተፈጨ? ያ ሁሉ ዱቄት በማንም ዘንድ አልተመሰገነም፤ መነኮሳቱ በልተውት አለቀ። በእግዚአብሔር ፊት ግን ያ የወፍጮ ቤት ከመቅደሱ የራቀ ስፍራ አልነበረም። ቅዱስ ማለት በግዕዙ የተለየ ማለት መሆኑን ተምረናል። ታዲያ ወጣቱ ጊዮርጊስ ከሰው ሁሉ ያነሰ በሚባለው ሥራ ላይ ሆነው ሥራውን ለእግዚአብሔር ለዩት።

ከዚያ በኋላ ነገሩ ተለወጠ። ሊቅነታቸው ተሰማ፤ በ1374 ዓ.ም. የነገሡት ዐፄ ዳዊት ወደ ቤተ መንግሥቱ አስመጧቸው። የነገሥታቱን ልጆች አስተማሩ፤ ኋላ የነገሡት ዘርዐ ያዕቆብ ከእርሳቸው እንደ ተማሩ ይነገራል። ገድላቸው ንጉሡ ልጃቸውን ሊድሩላቸው እንደ ፈለጉም ይናገራል። ይህ ቀላል ነገር አይደለም። የንጉሥ አማች መሆን ማለት ርስት፣ ሹመት፣ ሠራዊት ማለት ነው። እምቢ ማለት ደግሞ የባሰ ነው፤ ንጉሥ ልጁን ሰጥቶ እምቢ ሲባል ውርደት ነውና። አባ ጊዮርጊስ የመረጡት ምንኵስናን ነው። ጋብቻን ንቀው አይደለም፤ ቤተ ክርስቲያናችን ጋብቻን ቅዱስ ብላ ታስተምራለችና። በንጉሥ ማዕድ የተቀመጠ ሰው አፉ እንደሚታሰር አስቀድመው ያወቁ ይመስለኛል። ያንጊዜ ባያውቁት እንኳ ኋላ የመጣው ነገር ትክክል እንደ ነበሩ አሳይቷል።

አሁን ስለ መጻሕፍቶቻቸው ጥቂት ልበል። ትውፊቱ እስከ 41 መጻሕፍት እንደ ደረሱ ይናገራል። ከእነዚህ ውስጥ በሦስቱ ላይ ብቻ ልቆይ፤ ሦስቱን አንድ ላይ ስናያቸው አንድ ነገር ይታየናልና። የመጀመሪያው ሰዓታት ነው። ከእርሳቸው በፊት ከግብፅ ቤተ ክርስቲያን የመጣ፣ አብዛኛው ከመዝሙረ ዳዊትና ከመጻሕፍት ንባብ የተሰናዳ የሰዓታት ጸሎት ነበረ። አባ ጊዮርጊስ ግን ለኢትዮጵያ ቤተ ክርስቲያን የራሷ የሆነውን፣ በውዳሴና በምስጋና የተሞላውን ሰዓታት ሠሩ። የሌሊቱና የቀኑ ሰዓት እያንዳንዱ የራሱ ምስጋና አለው። መላእክት በዙፋኑ ዙሪያ ሦስት ጊዜ ቅዱስ እያሉ የሚያመሰግኑት ምስጋና በሌሊት በእኛ በጭቃዎቹ አንደበት ይሰማል። ሁለተኛው አርጋኖነ ውዳሴ ነው፤ ይህ የእመቤታችን ምስጋና በሰባቱ የሳምንት ቀናት የተከፈለ ነው፤ የሰኞ አለው፣ የማክሰኞ አለው፣ እንዲህ እያለ እስከ እሑድ ይዘልቃል። ሦስተኛው መጽሐፈ ምስጢር ነው። ይህ ትልቅ የሃይማኖት መጽሐፍ 30 ያህል ድርሳናት ሲኖሩት፣ ሰባልዮስን፣ አርዮስን፣ ንስጥሮስንና ሌሎችንም መናፍቃን እየጠራ ይረታል፤ ድርሳናቱ ግን እንዲሁ የተደረደሩ አይደሉም፣ በዓመቱ በዓላት ላይ እንዲነበቡ የተሰናዱ ናቸው።

እንግዲህ ተመልከቱ። አንዱ መጽሐፍ ሰዓቱን ያዘ፣ አንዱ ሳምንቱን ያዘ፣ አንዱ ዓመቱን ያዘ። ይህን አባ ጊዮርጊስ አስበው አደረጉት ወይስ እንዲሁ ሆነ ብሎ መከራከር ይቻል ይሆናል፤ ለእኔ ግን ከወፍጮ ቤት የወጣ ሰው እንዲህ ቢያደርግ አይደንቀኝም። ቅድስና ለበዓል ቀን ብቻ የሚለበስ ነጭ ልብስ ቢሆን ኖሮ ለማክሰኞ ቀን ምስጋና ማን ይጽፍ ነበር? ማክሰኞ እኮ ምንም የሌለበት ቀን ነው! ሰው ሥራ ላይ የሚውልበት፣ ነጋዴው የሚሰፍርበት፣ ተማሪው የሚማርበት፣ ዳኛው ችሎት የሚቀመጥበት ቀን ነው። የእግዚአብሔር መንግሥት በማክሰኞም ላይ ንጉሥ ነው ማለታቸው ነው።

በዚያው ዘመን ስለ ሰንበት ትልቅ ክርክር ነበር። የአቡነ ኤዎስጣቴዎስ ደቀ መዛሙርት ቅዳሜና እሑድ ሁለቱም ይከበሩ ሲሉ፣ ከእስክንድርያ የመጡት ጳጳስ አቡነ በርተሎሜዎስና ብዙዎቹ አበው ይቃወሙ ነበር። የሐይቅ ገዳም አበውም ከተቃዋሚዎቹ ወገን ነበሩ። ዐፄ ዳዊት በ1396 ዓ.ም. ገደማ ለኤዎስጣቴዎስ ልጆች ሰንበታቸውን እንዲያከብሩ ፈቀዱላቸው። አባ ጊዮርጊስ የሐይቅ ልጅ ነበሩ፤ ሆኖም ስለ ቀዳሚት ሰንበት ክብር ተከራከሩ፣ ጻፉም። ያሳደገ ገዳም ከቆመበት ወገን ተለይቶ መቆም እንዴት እንደሚከብድ በማኅበር ያደገ ሁሉ ያውቀዋል። በኦሪቱ ሰንበት የታዘዘው ለጌታው ብቻ አይደለም፤ ለአገልጋዩና ለአገልጋይቱ፣ ለመጻተኛው፣ ለበሬውና ለአህያውም ነው። ባሪያ በነበረበት፣ ጌታ እንደ ወደደ በሚያዝበት አገር ላይ እግዚአብሔር በሳምንት አንድ ቀን የጌታውን እጅ ይይዝ ነበር ማለት ነው። ከቅድስናው ጋር ፍርዱም እዚያው አለ። በኋላ ዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ ነግሠው በ1442 ዓ.ም. በደብረ ምጥማቅ በተደረገው ጉባኤ የሁለቱ ሰንበታት መከበር ጸና፤ አባ ጊዮርጊስ ግን ያን ለማየት አልደረሱም።

ወደ ሕይወታቸው ልመለስ። በቤተ መንግሥቱ ዙሪያ ቢቱ የሚባል ሰው ነበረ፤ ስለ ሥላሴ ምስጢር ከአባ ጊዮርጊስ ጋር ተከራከረ። ክርክሩ በጉባኤ ቢያልቅ ኖሮ የሊቃውንት ክርክር ሆኖ ይቀር ነበር። ነገር ግን በቤተ መንግሥት ነገር ሠሪ አይጠፋም፤ አባ ጊዮርጊስ በንጉሡ ዘንድ ተወነጀሉ፣ ታሠሩም። ያስተማሯቸው የንጉሥ ልጆች አሉ፣ ንጉሡ የሚወዱላቸው ድርሰት አለ፣ ይህ ሁሉ አላዳናቸውም።

እዚህ ላይ ቆም እንበል፤ የዚህ ታሪክ ከባዱ ቦታ ይህ ነውና። ዐፄ ዳዊት ክፉ ንጉሥ ቢሆኑ ነገሩ ይቀል ነበር። ግን አልነበሩም። ቤተ ክርስቲያናችን በበጎ የምታስባቸው ንጉሥ ናቸው፤ የጌታችን ግማደ መስቀል ታሪክ ከስማቸው ጋር የተያያዘ ነው፤ ተአምረ ማርያም ወደ ግዕዝ የተተረጐመው በዘመናቸው ነው። እንዲህ ያለ እግዚአብሔርን የሚፈራ ንጉሥ እንዲህ ያለ የእግዚአብሔርን ሰው አሰረ። ንጉሥ አይከሰስ ሰማይ አይታረስ በሚባልበት አገር ደግሞ ይግባኝ የሚባልበት ሸንጎ አልነበረም። ታዲያ እግዚአብሔር ዓለምን በጽድቅ ይገዛል የሚለው ቃል ያን ጊዜ ምን ይሆናል? እኛ ወጣቶች ከዚህ ባነሰ ነገር ብዙ ጊዜ እንናወጣለን። አንድ ያልተገባ ውጤት ሲሰጠን፣ ዘመድ የሌለው ሰው ከሥራ ሲቀር፣ ደካማ በፍርድ ቤት ሲረታ፣ እግዚአብሔር የት አለ እንላለን። ጥያቄው የሚያሳፍር አይደለም፤ ነቢያትም ጠይቀውታል። ቀላል መልስ አለኝ ብዬ አልዋሻችሁም።

አባ ጊዮርጊስ ያደረጉትን ግን ማየት እንችላለን። ይቅርታ ለማግኘት ብለው የሃይማኖታቸውን ቃል አላጠፉም። በንጉሡም ላይ ዐመፅ አላነሡም፤ ምንም እንኳ በዚያ ዘመን የተቆጡ መነኮሳት ከባላባቶች ጋር ሲማከሩ ታይተው የሚያውቁ ቢሆንም። የንጉሡ ዙፋን የተዋሰው ዙፋን እንደ ሆነ፣ ከበላዩ ሌላ ችሎት እንዳለ ስላመኑ መታገሥ ቻሉ። ይህ ትዕግሥት ዝምታ እንዳይመስላችሁ። ከእስር ወጥተው በጻፉት በመጽሐፈ ምስጢር ቢቱን በስሙ ጠርተው ትምህርቱን አንድ በአንድ ረትተዋል። ሐሰቱን ሐሰት አሉት። የበደላቸውን ሰው ቅጣት ግን በእጃቸው አልያዙም። እነዚህን ሁለቱን መለየት ለእኛ ይቸግረናል፤ ወይ ለሰላም ብለን እውነቱን እንሸሽጋለን፣ ወይ ለእውነት ብለን ሰውየውን እናጠፋለን።

ዐፄ ዳዊት አረፉ፤ ልጃቸው ቀዳማዊ ቴዎድሮስ ነገሡ። አዲሱ ንጉሥ አባ ጊዮርጊስን ከእስር ፈቱ። የቴዎድሮስ ዘመን ግን ዓመት እንኳ አልሞላም፤ በ1406 ዓ.ም. ወንድማቸው ዐፄ ይስሐቅ ዙፋኑን ያዙ። አንዱ ንጉሥ አሰረ፣ አንዱ ፈታ፣ አንዱ ተከትሎ መጣ፤ በእነዚህ ሦስት ነገሥታት ዘመን የሰዓታቱ ጸሎት በየሌሊቱ ያው ነበር። መጽሐፈ ምስጢር የተፈጸመው በዐፄ ይስሐቅ ዘመን፣ በ1416 ዓ.ም. ነው፤ በአውሮፓ አቆጣጠር 1424 ማለት ነው። አባ ጊዮርጊስ ያን ጊዜ ወደ 60 ዓመት ይጠጉ ነበር።

ይህን ሁሉ ወደ ወረኢሉ ልመልሰው። ከእኛ መካከል የንጉሥ ልጅ ይዳርለት የሚል የለም፤ ስለ ሥላሴ ተከራክሮ የሚታሰርም የለም። ግን ሁላችንም ቁና እንሰፍራለን። የእህል ነጋዴ ልጅ ሆኖ ቁናውን በእጁ ጫን አድርጎ ሲገዛና ላላ አድርጎ ሲሸጥ ያላየ ማን አለ? ገዢው ከማዶ ያለው እስላም ጎረቤታችን ቢሆን ደግሞ ምን ይላል ብሎ የሚቀልልን ካለ፣ እርሱ የእግዚአብሔርን ፍርድ ጨርሶ አላወቀም፤ የምንሰፍርለት ሰው ሃይማኖት ቁናውን ትልቅም ትንሽም አያደርገውምና። በገጠሩ ድንበር የሚገፋው ብዙውን ጊዜ ባል የሞተባት ሴት ማሳ ላይ ነው፤ የሚቆምላት የለም ተብሎ ነው። ከዚያ ምስክር ይጠራል፤ ምስክሩም የጾመ፣ የሰገደ፣ ምናልባትም ማኅበር የሚጠጣ ሰው ነው። በትምህርት ቤት ደግሞ ኩረጃ መተባበር ነው እየተባለ ስም ወጥቶለታል። እኔ በምማርበት ዩኒቨርሲቲ ለፈተና ከመግባቱ በፊት የሚያማትብ፣ ከገባ በኋላ ግን የጎረቤቱን ወረቀት የሚያይ ተማሪ አይቻለሁ። ማማተቡ ከልቡ እንደ ነበር አልጠራጠርም። ያማተበለት አምላክ በፈተናው ክፍል ውስጥም ንጉሥ መሆኑ ግን አልታሰበውም።

የቤት ሥራን ነገር ሳልጠቅስ አላልፍም። በየቤታችን ውኃ የሚቀዳው፣ እንጀራ የሚጋገረው፣ ልብስ የሚታጠበው በማን እጅ ነው? በጉባኤ ጥሩ የሚዘምር ወንድም ቤቱ ሲገባ እኅቱን እንደ ገረድ ሲያዛት ይታያል። ሊቁ አባታችን ፈጪ ነበሩ። ስለዚህ ይህን ሥራ ነውር ነው የሚል ወንድ ከማን እንደ ተማረው አላውቅም፤ ከሐይቅ ግን አልተማረውም።

አባ ጊዮርጊስ ያረፉት ሐምሌ 7 ቀን 1417 ዓ.ም. ነው፤ ቅድስት ሥላሴ በአብርሃም ቤት በእንግድነት የገቡበት መታሰቢያ በሚከበርበት ዕለት። ስለ ሥላሴ ተከራክረው የታሠሩት አባት በሥላሴ በዓል ዐረፉ፤ መታሰቢያቸውም ከዚያን ጊዜ ወዲህ በዚያው ቀን ነው። ገዳማቸውም በስማቸው ይጠራል።

ካረፉ መቶ ዓመት ካለፈ በኋላ በቤተ አምሐራ ላይ ከባድ ጦርነት መጣ። በ1524 ዓ.ም. ገደማ በኢማም አሕመድ ኢብን ኢብራሂም ዘመቻ መካነ ሥላሴና አትሮንሰ ማርያም የመሰሉ ታላላቅ አብያተ ክርስቲያናት ተቃጠሉ፤ በወርቅ ያጌጡትን ነገሥታቱ የሠሯቸውን ሕንፃዎች ዛሬ የምናውቃቸው ከጽሑፍ ነው። የአባ ጊዮርጊስ መጻሕፍት ግን በብዙ ገዳማት ተገልብጠው ስለ ነበር ተረፉ። መጽሐፈ ምስጢርን ሊቁ ያዕቆብ በየነ ከብራና ቅጂዎች አመሳክረው፣ ወደ ጣሊያንኛ ተርጉመው ከ1990 (በአውሮፓ አቆጣጠር) ጀምሮ በውጭ አገር አሳትመውታል። ሰዓታቱ ደግሞ ማተሚያ ቤትም አላስፈለገውም። ደብተሮቹ በቃላቸው ይዘውት፣ ከመምህር ወደ ተማሪ እየተላለፈ፣ በሌሊት ይቆማል፤ በቦረናም፣ በሳይንትም፣ በእኛው በወረኢሉም።